ተረኛ

ደብዳቤው ሐሙስ ደረሰኝ፣ በጥበቃው በአው ዚያድ እጅ፣
በአራት ታጥፎ፣ ላብ ጠጥቶ፤ «ይቅርታ» አለኝ፣ «አንቺ ልጅ።»
«ፔቲዲን የተባለው መድኃኒት፣ ስድስት አምፑል በቁጥሩ፣
ከቁልፍ ሣጥኑ ጎድሏል፤ ተረኛዋ እርስዎ ነበሩ፤
የሙያ ፈቃድዎ ታግዷል፣ እስኪጣራ ነገሩ።»

ተረኛ።
አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቃል እንደ ጋውን ለበስኩት፤
ለካ ተራው የደረሰ ሰው ማለትም ነው፤ ያን ቀን ሰማሁት።

ድሬ በግንቦት ሌሊቱንም እንኳ አትተነፍስም፤
መብራት ሄዷል፤ ጄነሬተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም።
በጅቡቲ መንገድ ቦቴ ተገልብጦ እሳት የበላው፣
ዋበሪ የሚባል ሾፌር ነው፣ ዕጣ እኔ ዘንድ የጣለው።
ጩኸቱ ውሾቹን አስጮኸ፣ እስከ ገንደ ቆሬ ሰፈር፤
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በብርሃኑ ስሰብር
አምፑሉ አውራ ጣቴን ቆረጠው፤ ጠባሳው ይኸው፣ አለ፤
መዝገቡ ሌላ ክፍል ነው፤ ሰው ትቶ ወደ መዝገብ ማን ኮበለለ?
ነጭ ፕላስተር ቀድጄ ካልጋው ብረት ላይ ለጠፍኩ፣
ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ፊርማዬን፣ በእስክሪብቶ ጫርኩ፣ ጫርኩ።
ሊነጋ ሲል አረፈ። ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱ፤
አልጋው ታጠበ፤ ሌላ ሰው ተኛበት፤ ሁሉም በየፊናው ሄዱ።
መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሁለት።
ከሣጥኑ የወጣው ግን ስምንት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሳቢያን ገባ፤ ባጃጅ ነው የሚሳፈረው፤
«ራሷን ትወጋለች» አለ፣ የእግሩን ቁስል ያጠብኩለት፣ ግድግዳ የምንጋራው።
እጅጌዬ ረዥም ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በሐሩሩም፤
ዛሬ ግን የመርፌ ዳና ሳይፈልጉበት አያልፉም።
ኮሚቴው ፊት ጠቀለልኩት፤ እስከ ክርን፣ ከዚያም በላይ፤
አንዱ መነጽሩን ወለወለ፤ አንዷ አቀረቀረች፣ እንዳታይ።
የሽንት ኩባያ አስያዙኝ፤ በሩም ገርበብ ይበል አሉ፤
ሽንቴ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ስሜ ግን ገና ነው አሉ።

አያንቱ፣ ያን ሌሊት እግሩን ግጥም አድርጋ የያዘችው፣
«ትዝ አይለኝም» አለች፤ ድምፅዋን ወለሉ ብቻ ነው የሰማው።
አልተቀየምኳትም፤ ሁለት ልጅና የቤት ኪራይ አለባት፣
እሷም ነገ ተረኛ ናት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገር ሰው፤
አሥራ አንድ ዓመት አድሬያለሁ፤ የጠራው ንጋቱ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ማንም ያልጠራት ሴት መጣች፤
የዋበሪ ሚስት፣ ከአይሻ፣ አቧራዋን ለብሳ ገባች።
ካንገቷ ፈታ አኖረች፣ በቆዳ የተሰፋ፣ እንደ ሒርዝ ያለ ነገር፣
አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ቃሏን ይቆጥር ጀመር፦
«ካልጋው ራስጌ አገኘሁት፤ ሲስተሯ የጻፈችለት፤
ዱዓ መስሎኝ ነው፤ የተጻፈ ነገር አይጣልም፣ ነውር አለበት።»
ስፌቱን በምላጭ ፈቱት። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ፣
አራት ሰዓት፣ አራት መጠን፣ አራት ፊርማ፣ በአውራ ጣቴ ደም ታትሞ።

ከስድስቱ አራቱ ተገኙ። ሰብሳቢው «ሁለቱስ?» አለ።
የፕላስተሩ ጥግ ተቀዷል፤ ጠበቃዬ ክንዴን ጎተተ፦ «እዚያ ነበር በይ፤ ተገነጠለ!»
እንዲያ ብል ያምኑኝ ነበር፤ አየሁት፣ ከዓይናቸው ላይ።
«አላውቅም» አልኩ። የራሴንም ቢሆን አልፈርምም፣ ሳላይ።

ለአሥራ አምስት ቀን ተቀጠረ።

ትናንት ሌሊት በስምንት ሰዓት በሬ ተደበደበ፤
ያ ጎረቤቴ። ልጁ በክንዱ ላይ ይነዳል፤ እሱ ቃል አጥቶ ተንተባተበ።
«ፈቃድ የለኝም» ልለው ነበር፤ አፌ ድረስ መጣ ቃሉ፤
ያገዱት ወረቀቱን ነው፤ ፈቃዴ እኔው ጋ ነው፣ ሙሉ።
ትኩሳቱን ለካሁ፤ ጨርቅ ነክሬ ከግንባሩ ላይ ጣልኩ፤
ከደብዳቤው ጀርባ ሰዓቱን ጻፍኩና
አባቱን አስፈረምኩ።